ካርዱን የሚጨርሰው ቆጣሪው ነው ወይስ ቦይለሩ?

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ በአንድ የቆየ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከተከራየን ስድስት ወር ሆነን። እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጃችን ነን። በፊት በነበርንበት ቤት በወር 180 ኪሎዋት ይበቃን ነበር፤ እዚህ 390 ደርሷል። ካርድ ሞልቼ ሳምንት አይቆይም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ 80 ሊትር የሚይዝ የድሮ ቦይለር አለ፤ 2000 ዋት ይላል። ጎረቤታችን «ከቀዝቃዛ ማስነሳቱ ይብስ ይበላል» ስላሉኝ ከገባን ጀምሮ አጥፍተነው አናውቅም። ማታ ማታ ለልጁ ብለን ባለ ሁለት ዘንግ ሂተር በአንዱ ዘንግ እናበራለን። አከራያችን «ቆጣሪው ነው፣ መብራት ኃይል ሄደሽ አመልክቺ» ይሉኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ቦይለሩን አስነቅዬ ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ እንዳስገባ መከረኝ። ከኪሴ አውጥቼ ላስቀይር ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ምንም ነገር አያስቀይሩ። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት የቆጣሪ ንባብ ይውሰዱ። የእርስዎ ዓይነት ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ውኃውን ማሞቁ ብቻ አይደለም። ማንም ሳይታጠብበት የሞቀውን ውኃ ሌሊትና ቀን ሙቅ አድርጎ ማቆየቱ ከዚያ ይብሳል። ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የሚቃለል ነገር ነው።

እስቲ 390ውን እንበትነው፤ ፍጆታን በ«ኪሎዋት» ስንቆጥር ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎዋት-ሰዓት ማለታችን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3500 ዋት በላይ ይስባል፤ ግን በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር 20 ኪሎዋት ገደማ ነው። ስቶቩ በቀን ሁለት ተኩል ኪሎዋት ቢወስድ 75 ይሆናል። ፍሪጁ ከ30 እስከ 45፣ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያና ስልክ ተደምረው 25 ቢሆኑ ድምሩ 160 አካባቢ ነው፤ ይህም ከበፊቱ ቤትዎ ንባብ ጋር ይቀራረባል። ሂተሩ በአንድ ዘንግ 1000 ዋት ስለሆነ ማታ ሁለት ሰዓት ከበራ በወር 60 ይወስዳል። የቀረው 170 ኪሎዋት፣ ማለትም በቀን ከአምስት ተኩል በላይ፣ የቦይለሩ ድርሻ ነው ማለት ነው።

ቦይለሩ ይህን ያህል መውሰድ ነበረበት? ስሌቱ ቀላል ነው። የውኃውን ሊትር በሚጨምረው ዲግሪ ያባዙት፣ ያንን በ1.16 ያባዙት፣ ለ1000 ያካፍሉት፤ ኪሎዋቱን ያገኛሉ። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ በአማካይ 18 ዲግሪ ይሁን ብንል፣ ሦስት ሰው በቀን 35 ሊትር፣ 38 ዲግሪ በሆነ ውኃ ቢታጠብ፣ 105 ሊትር በ20 ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ሁለት ኪሎዋት ተኩል አይሞላም። ስለዚህ በቀን ከአምስት ተኩሉ ሦስት ያህሉ ሰውነት ሳይነካ በታንከሩ ግድግዳ፣ በቧንቧውና ምናልባትም በአንድ ብልሽት በኩል ይጠፋል። የምንፈልገው ይህን ሦስት ኪሎዋት ነው።

ወደ ቦይለሩ ከመግባታችን በፊት ግን የቆጣሪውን ነገር እንጨርስ፤ ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቤትዎ ውስጥ ያለውን ዋና ብሬከር ያጥፉና ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት ይመልከቱ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ መብራቷ ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች ከእርስዎ ቆጣሪ በኋላ ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር ተቀጥሏል ማለት ነው። በቆዩ ሕንጻዎች የደረጃ መብራት፣ የጥበቃ ክፍል ወይም ውኃ ወደ ጣሪያ ታንከር የሚገፋው ፓምፕ በአንዱ ተከራይ ቆጣሪ ላይ ተንጠልጥሎ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ይህን ካገኙ ጉዳዩ ከቦይለሩ ጋር አይገናኝም፤ አከራይዎ በባለሙያ መስመሩን ማስለየት አለባቸው።

ብልጭታው ከቆመ ቀጥሎ የቆጣሪውን ልክነት ይፈትኑ። ቆጣሪው ፊት ላይ በአንድ ኪሎዋት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ቦይለሩ ብቻ እያሞቀ ሳለ አሥር ብልጭታ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በስልክዎ ይያዙ። ቆጣሪው 1000 የሚል ከሆነ 2000 ዋት አሥር ብልጭታ በ18 ሴኮንድ ይሞላል፤ 1600 ከሆነ ከ11 እስከ 12 ሴኮንድ ነው። ምሽት ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ ቦይለሩም የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ በ200 ቮልት ላይ 2000 ዋት የተባለው 1650 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብልጭታው እስከ አንድ አምስተኛ ቢዘገይ አይደንግጡ። ቆጣሪው 1000 ሆኖ አሥሩ ከ15 ሴኮንድ በታች ከሞላ ግን አከራይዎ እውነት አላቸው። ያኔ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውለው ወይም የአካባቢዎ ማዕከል ሄደው ቆጣሪው እንዲፈተሽ ያመልክቱ። ደንበኝነቱ በአከራይዎ ስም ከሆነ የደንበኛ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። የያዙት የሴኮንድ ቁጥር ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል።

የሁለቱ ሌሊት ንባብ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ማታ 4 ሰዓት ላይ ቦይለሩን በብሬከሩ ያጥፉ፣ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደገና ያንብቡ። ፍሪጁ እንደተለመደው ይሥራ። በሁለተኛው ሌሊት ቦይለሩ ይብራ፤ ነገር ግን የሚያነቡት ጠቋሚ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ይሁን፤ ማለትም ውኃው ሞልቶ ሞቆ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲቆርጥ። ሌሊቱን ማንም ሙቅ ውኃ አይክፈት። ጠዋት ደግሞ ጠቋሚው በርቶ ዳግም እስኪጠፋ ጠብቀው ያንብቡ። በዚህ የምንጠነቀቀው፣ 80 ሊትር ውኃን ስድስት ዲግሪ መልሶ ማሞቅ ብቻ ከግማሽ ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ፣ በዘፈቀደ ሰዓት ያነበበ ሰው አንድ ሙሉ ዙር ሊጨምር ወይም ሊያጎድል ስለሚችል ነው። የሁለቱን ሌሊት ፍጆታ ለየሰዓቱ ብዛት ያካፍሉ፣ ያቀናንሱ፣ ልዩነቱን በ24 ያባዙ። ያገኙት ቁጥር ቦይለሩ ማንም ሳይነካው በቀን የሚያባክነው ነው።

ቁጥሩ ከአንድ ተኩል ኪሎዋት በታች ከሆነ ታንከሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ከሆነ የአሮጌ ቦይለር የተለመደ ብክነት ነው፤ ሙቀቱን በመቀነስና በሰዓት በማብራት ብዙውን ይመልሳሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ብልሽት አለና ይፈለግ።

በመጀመሪያ የሚፈለገው የሙቅ ውኃ ጠብታ ነው። ከሙቁ መስመር የሚንጠባጠብ ቧንቧ የሚያባክነው ውኃ ብቻ አይምሰልዎት። ከሥሩ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ያስቀምጡ። በ15 ደቂቃ ከሞላ በቀን 24 ሊትር ነው፤ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ 24 ሊትር ደግሞ 1.17 ኪሎዋት ነው። በወር 35 ኪሎዋት በአንድ የቧንቧ ጎማ! ማደባለቂያ ቧንቧ ከሆነ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ ነው የሚቀየረው፤ የድሮው ዓይነት ከሆነ ትንሿ ጎማ። ከቦይለሩ ሥር ከደኅንነት ቫልቩ የሚወርደው ጠብታ ግን ሌላ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር 60 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ትርፍ ይወጣዋል፤ ያ በቫልቩ በኩል መውጣቱ ትክክል ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ወይ የቫልቩ መቀመጫ ቆሽሿል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ይህን ቀዳዳ እባክዎን ማንም እንዳይደፍነው።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ነው። ሙቅ ውኃ ሳይከፈት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ጠቋሚ መብራቱ የማይጠፋ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል። 80 ሊትር በ2000 ዋት ከ18 ወደ 60 ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በኩሽና ቴርሞሜትር መለካትም ይቻላል፤ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሊትር ለቀው የሚቀጥለውን ይለኩ። 70 ወይም 75 ካገኙ ብዙ ገንዘብ እዚያ ነው ያለው፤ ከዚያም በላይ ልጅ ላለበት ቤት አደጋ ነው፤ 60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሴኮንድ ቆዳ ይልጣል። በብዙ አሮጌ ቦይለሮች የቴርሞስታቱ ማስተካከያ ከሥር ያለው የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ተደብቋል፤ ብሬከሩ ጠፍቶ ክዳኑ ሲከፈት በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚዞር ነው። 60 ላይ ያድርጉት። ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ላይ የሚቆርጥ መጠባበቂያ አለ፤ እሱ ሲቆርጥ «ሁለቱን ሽቦ አገናኝቼ ላስነሳልሽ» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ አይፍቀዱለት። መጠባበቂያው ተዘልሎ ቫልቩም ከተደፈነ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ምክር። «ከቀዝቃዛ ማስነሳት ይብስ ይበላል» የሚለው ሰፊ እምነት ነው፤ ስሕተት ግን ነው። ከእሳት የወረደ ጀበና መጀመሪያ ቶሎ፣ ለብ ካለ በኋላ በዝግታ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ ታንከሩም የሚያጣው ሙቀት በውኃውና በክፍሉ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። 70 ዲግሪ ሆኖ ያደረ ታንከር ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ ያባክናል፤ እየቀዘቀዘ ያደረው ግን የሚያባክነው በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋት ለማስነሳት የሚከፍሉት የጠፋውን ብቻ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ ያጥፉት።

የእርስዎን ቤት ሰዓት እንዲህ ያስቡት። 80 ሊትርን ከ18 ወደ 45 ዲግሪ ማድረስ ሁለት ኪሎዋት ተኩል፣ በጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ያ ለሦስታችሁም ይበቃል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በርቶ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ቢጠፋ ጠዋት ትታጠባላችሁ፤ ማታ ልጁን የምታጥቡ ከሆነ የቀረው ለብ ያለ ውኃ በግማሽ ሰዓት ይነሳል። ይህን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ሰው ግን ይረሳል። የሚሻለው ማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ ከቦይለሩ ብሬከር ቀጥሎ የሚገጠም የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ታይመር፣ ነው። 2000 ዋት ዘጠኝ አምፔር ስለሆነ 16 አምፔር የሚችል ይግዙ። ውስጡ ባትሪ ያለው መሆኑን ሻጩን ይጠይቁ፤ ባትሪ የሌለው መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያበራዋል። አብዛኞቹ በፈረንጅ ሰዓት የሚሞሉ ናቸውና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል 05:30 ሆኖ ይገባል። በግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ርካሽ ታይመር ግን ለቦይለር አንመክርም፤ ዘጠኝ አምፔር በየቀኑ ከሰዓት በላይ ሲያልፍበት መገናኛው ይቀልጣል።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ25 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ የቆመ ውኃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን እሑድ፣ ቦይለሩ 60 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት እንዲቆይ ያድርጉ።

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ። ቀዝቃዛው ውኃ የሚገባው ከታንከሩ ሥር ነው። ውኃ ሲጠፋ መልሶ እንዳይፈስ የሚያግደው በደኅንነት ቫልቩ ውስጥ ያለ ማገጃ ነው፤ ያ ካረጀ ታንከሩ ወደ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ረዚስታንሱም (ውኃውን የሚያሞቀው ዘንግ) በአየር ውስጥ ግሎ ይቃጠላል። ታይመር ቢኖርም ውኃ ጠፍቶ በመጣ ቀን ሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየር ሳይቀላቀል በእኩል መውረዱን ሳያዩ አያብሩ።

ስለ ማጽዳት። «ድንጋይ የያዘ ረዚስታንስ እጥፍ ይበላል» ሲባል ይሰማሉ። ረዚስታንሱ ውኃ ውስጥ ስለተነከረ የሚያወጣው ሙቀት በሙሉ መሄጃው ውኃው ነው፤ ድንጋዩ ፍጆታውን እጥፍ አያደርግም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ረዚስታንሱ ሙቀቱን ማስረከብ አቅቶት ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃው ይሾልካል። ሥሩ የሚከማቸው ጭቃ ደግሞ የቴርሞስታቱን ቀሰም ሸፍኖ ቆይቶ እንዲቆርጥ ያደርገዋል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ድንጋይ ይፈጥራል፤ የግድቡ ውኃ የሚያመጣው ይበልጡን ጭቃ ነው። ሁለቱም መጽዳት አለባቸው፣ በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃል።

ሥራው የባለሙያ ነው፤ ግን ምን መሥራት እንዳለበት አውቀው አጠገቡ ይቁሙ። ብሬከሩን ያጠፋል፣ በቴስተር ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበት መስመር) አለመኖሩን ያያል፣ የመግቢያውን ቫልቭ ይዘጋል፣ ሙቁን ቧንቧ ይከፍታል፣ የደኅንነት ቫልቩን ምላስ አንስቶ በጎማ ቱቦ ውኃውን ያወርዳል። ክዳኑ ሲከፈት የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ረዚስታንሱ ከነሳህኑ ሲወጣ የያዘው ድንጋይ በካራ አይፋቅም፤ በኮምጣጤ ተነክሮ ያድራል። ከዚያ በመልቲሜትር ይለካ፦ የ2000 ዋት ረዚስታንስ ሁለት ጫፎች መካከል ከ23 እስከ 27 ኦም፣ የ1500 ከሆነ ከ32 እስከ 36 ኦም መሆን አለበት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ብረት ሽፋኑ ሲለካ ምንም ንባብ መኖር የለበትም፤ ካለ ሾልኳልና ይጣል። ከአጠገቡ የምትገኘው የማግኒዚየም ዘንግ ታንከሩ እንዳይዝግ እሷ እየተበላች የምታድነው ናት፤ ከግማሽ በታች ከቀጠነች ትቀየር። ትንሽ ዋጋ ያላት ዕቃ ናት፣ በአሮጌ ቦይለር ውስጥ ግን ማንም ስለማያያት ሽቦዋ ብቻ ቀርቶ ትገኛለች። የጎማ ማሸጊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ የድሮውን መልሶ ያጠበቀ ሠራተኛ በሳምንቱ ይመለሳል። መርካቶ ዕቃ ሲገዙ አሮጌውን ረዚስታንስ፣ ቴርሞስታትና ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ የሳህኑ ስፋትና የብሎኑ ብዛት ከቦይለር ቦይለር ይለያያል። ተገጥሞ ሲያበቃ ሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ ውኃ እስኪሞላ ድረስ ብሬከሩ አይነካ።

ቧንቧውን ሲነኩ ወይም ሲታጠቡ የሚነዝር ነገር ተሰምቶዎት ያውቃል? ካወቀ ይህን ጽሑፍ ትተው ቦይለሩን አሁን ያጥፉት። የሾለከ ረዚስታንስ ነው፤ ቴርሞስታቱ ቆርጦም ሊሾልክ ስለሚችል ካርዱንም ይበላል። የመሬት መስመር መኖሩና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሾልኮት ብሬከር መገጠሙ ከዚህ ሁሉ ቁጠባ ይቀድማል።

ታንከሩ ላይ ልብስ መደረቡ የሚረዳው ቅርፊቱን ሲዳስሱት የሚሞቅ ከሆነ ነው። አልሙኒየም ለበስ የፎም ምንጣፍ ዙሪያውንና አናቱን ይጠቅልሉት፤ ሥሩን፣ ክዳኑን፣ ሽቦውንና ቫልቩን ግን አይሸፍኑ። የሙቁን ቧንቧ የመጀመሪያ ሁለት ሜትር ደግሞ በፎም ቱቦ ያልብሱት፤ ግማሽ ኢንች ብረት ከሆነ 22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለውን ይጠይቁ።

ፈጣን ማሞቂያውን በተመለከተ ሐሳባችን ግልጽ ነው፦ እርስዎ ባሉበት ሕንጻ አይሆንም። ውኃ አያስቀምጥምና የሚያባክነው የለም፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን 5500 ዋት የሚለው 25 አምፔር ይስባል፤ የቦይለርዎ መስመር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሆነ ይህን አይሸከምም፤ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ራሱን የቻለ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ከማከፋፈያው ድረስ፣ የመሬት መስመርና የሾልኮት ብሬከር ይፈልጋል፤ ምጣዱ በተጣደ ሰዓት ደግሞ ሁለቱ ተደምረው ከ40 አምፔር በላይ ይሆናሉ። 3500 ዋቱን ልምረጥ ቢሉ በደቂቃ ሦስት ሊትር ብቻ ሲወርድ ውኃውን የሚያሞቀው 17 ዲግሪ ያህል ነው፤ 18 የነበረው 35 ይሆናል፣ በክረምት ያንንም አይደርስም። የጣሪያ ታንከር ግፊት ዝቅ ሲል ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

ሂተሩን በአጭሩ። 1000 ዋት በየትኛውም ቅርጽ፣ በዘይትም ይሁን በሚነድ ዘንግ፣ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ነው፤ «ቆጣቢ ሂተር» እየተባለ የሚሸጠው በዚህ የተለየ አይደለም። የልጁን መኝታ ብቻ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከመተኛቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያሙቁ፤ በመስኮቱና በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በሚጣበቅ የጎማ ጥብጣብ ይዝጉ። አልጋ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ከረጢት ልጁ ከመግባቱ በፊት አስቀምጠው ሲገባ ያውጡት። ከ60 ኪሎዋቱ ቢያንስ 40 ይቆጠባል። በዚህ ምትክ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

አከራይዎን በተመለከተ፣ የቦይለሩ ጥገና የማን ነው? ቦይለሩ ከቤቱ ጋር የተከራዩት ስለሆነ ዋናው ጥገና የአከራይ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም አከራይ የተከራየው ነገር ለታሰበለት አገልግሎት እንዲሆን አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ በውል ወይም በሕግ የተከራዩ ድርሻ የተባሉ ጥቃቅን ጥገናዎች ሲቀሩ። ውልዎን ያንብቡ፤ ቦይለሩ በርክክብ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ አሁን በጽሑፍ ያስገቡት። ሲነግሯቸው «ብዙ ይበላል» አይበሉ። «ቦይለሩ ሳንነካው በቀን ይህን ያህል ኪሎዋት ያጠፋል፣ የሁለት ሌሊት ንባቡ ይኸው፣ የሚያስፈልገው ቴርሞስታት፣ የማግኒዚየም ዘንግና ማሸጊያ ነው» ይበሏቸው። ዕቃውን እሳቸው፣ የሠራተኛውን እርስዎ ቢችሉ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ከኪራይ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁንና ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ሳይስማሙ በራስዎ አይቀንሱ።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ይህ ለሒሳብዎ ይጠቅማል፤ ታይመር ወይም ፎም ከኪስዎ ቢገዙ ወጪውን የሚመልሱበት ጊዜ አለዎት። የሚተርፈውን ኪሎዋት ካርድ ሲሞሉ በሚደርስዎ ደረሰኝ ላይ ባለው ዋጋ ያባዙት። የቤት ታሪፍ በእርከን የሚወጣ በመሆኑና ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ስለሆነ፣ ከ300 በላይ ከነበሩበት እርከን ወደ ታች መውረድ ከኪሎዋቱ ብዛት በላይ ይሰማል። ጠብታው ቆሞ፣ ሙቀቱ ወርዶ፣ ቦይለሩ በሰዓት ከበራና ሂተሩ ከቀነሰ በእኛ ስሌት 390ው ወደ 260 አካባቢ ይመጣል።

አዲስ ቦይለር የሚያስፈልገው ታንከሩ ራሱ ዝጎ ከአካሉ ውኃ ካሠረገ፣ ወይም ሁሉም ተስተካክሎ ንባቡ አሁንም በቀን ከሁለት ተኩል በላይ ከሆነ ነው። ያኔ ወጪው የአከራይዎ ነው፣ ምርጫውን ግን አብረው ይምረጡ። ለሦስት ሰው 80 ሊትር አያስፈልግም፤ 50 ሊትር በ60 ዲግሪ ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ 105 ሊትር መታጠቢያ ውኃ ይሆናል። 1500 ዋት ይበቃል፤ ያለው ሽቦም ያለ ሐሳብ ይሸከመዋል። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በ24 ሰዓት የሚያባክነውን ኪሎዋት የጻፈውን ይምረጡ፣ የደኅንነት ቫልቩ ከውስጥ መኖሩንም ሳያዩ ከሱቁ አይውጡ።